ሞገስ በነጭ ዓባይ ዳር

ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ባወጀችበት በሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በዶክተር ጆን ጋራንግ መካነ መቃብር ፊት አዲሱ ሰንደቅ ዓላማ ከፍ ሲል ከሕዝቡ መካከል ቆመው ካዩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበርሁ። በዚያ ዘመን በጁባ የነበርን የአንድ አገር ልጆች፣ ሆቴል የከፈተውም ሆነ የውሃ ቦቴ የሚነዳው፣ በኮኞ ኮኞ ገበያ ዘይትና ሽንኩርት የሚቸረችረውም ሆነ እንደ እኔ በሰው ድርጅት የሒሳብ መዝገብ የሚይዘው፣ ጧት ከቤታችን ስንወጣም ማታ ስንመለስም ከአፋችን የማይለይ አንድ ቃል ነበረን፤ እርሱም «ሞገስ» ነው። የንግድ ፈቃዱ በአንድ ቀን ያለቀለት ሰው እግዚአብሔር በሹሙ ፊት ሞገስ ሰጠው ይባል ነበር፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ምግብ ለማቅረብ ውል የተዋዋለችውም ሴት ባለ ሞገስ ተብላ ትመረቅ ነበር፤ ያልተሳካለት ሰው ሲያጋጥም ግን ነገሩ በለሆሳስ ይወራና «ምን እንዳስቀየመ እርሱና ፈጣሪው ያውቃሉ» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ከተማይቱን ያላየ አንባቢ ነገሩን እንዲረዳልኝ ጥቂት ልግለጽ። ጁባ ያኔ የአንዲት ሉዓላዊት አገር መናገሻ ትባል እንጂ አስፋልቷ በጣት የሚቆጠር፣ በበጋ በቀይ አቧራ፣ በክረምት በጭቃ የምትዋጥ፣ በምዕራብ የጀበል ኩጁር ተራራ፣ በምሥራቅ ነጭ ዓባይ የሚያዋስኗት ሰፊ መንደር ነበረች። የቧንቧ ውሃ ለጥቂቶች ብቻ ስለሚደርስ ቦቴዎች ከወንዙ እየቀዱ በየግቢው በርሜል ይሞሉ ነበር፤ መብራትም ጀኔሬተር ያለው ሰው ሀብት ነበር፤ ከቆርቆሮ ኮንቴይነር የተሠራች አንዲት ጠባብ ክፍል በሌሊት ከ100 ዶላር በላይ ትከራይ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ ገንዘብ ቶሎ ይገኛል፤ ቶሎም ይጠፋል። ሁለቱንም የሚያደርግ የማይታይ እጅ ያለ ስለሚመስል፣ ስደተኛ ሰው የዕለት ትርፉን ከእግዚአብሔር ፊት ጋር ሊያያይዘው መቸኮሉ የሚያስደንቅ አይደለም። በየአዳራሹም ከጎረቤት አገሮች የሚመጡ ሰባክያን የእግዚአብሔር ሞገስ ምልክቱ መኪናና ቤት መሆኑን በታላቅ ድምፅ ያውጁ ነበር። የእኛም ሰዎች፣ በኦርቶዶክሳዊት ተዋሕዶ ሥርዓት ያደግነው ሳንቀር፣ ቃሉን ከአየሩ እንደምንተነፍሰው አቧራ ሳናውቀው እናስገባው ነበር።

በሃይ ማላካል ሰፈር፣ እማማ እያልን በምንጠራቸው በአንዲት እናት ግቢ፣ በየወሩ በ27 የመድኃኔዓለም ጽዋ እንጠጣ ነበር። ጌሾው ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ ይመጣል፤ ዳቦውን እማማ ራሳቸው በኮባ ፈንታ የሙዝ ቅጠል አንጥፈው ይደፉታል፤ ጽዋውን የሚባርኩልንና ስንክሳሩን የሚያነቡልን ደግሞ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ተምረው፣ ከጊዜ በኋላ የልጆቻቸው ችግር ገፍቶ ጁባ ያደረሳቸው፣ ሌሊት ሌሊት የአንድ መጋዘን ዘበኛ የነበሩ መሪጌታ ነበሩ። ያን ሰው ሳስታውስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየኝ፣ በጋቢያቸው ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው፣ ሽፋኑ በላብ የጠቆረው ትንሽ የብራና ዳዊታቸው ነው።

በ2005 ዓ.ም. ከነዚህ ጽዋዎች በአንደኛው፣ አንድ በንግድ የታወቀ ወንድማችን ብድግ ብሎ ምስክርነት ሰጠ። ከሞምባሳ ወደብ የተነሡ ሦስት ኮንቴይነሮቹ የኬንያንና የኡጋንዳን ምድር አቋርጠው፣ በኒሙሌ ኬላ አልፈው፣ አንዲት ካርቶን ሳትጎድል ጁባ መግባታቸውን እየዘረዘረ፣ «ይህ ሁሉ በጸሎቴና እግዚአብሔር በሰጠኝ ሞገስ ነው» ብሎ በእንባ ተናገረ። ሁላችንም እልልታውን ተቀበልን። በስተጓሮ ባለው አግዳሚ ላይ ግን አንድ ሾፌር ተቀምጦ ነበር፤ ከኒሙሌ ወደ ጁባ በሚወስደው በዚያው 192 ኪሎ ሜትር በሆነው መንገድ ላይ ከጥቂት ወራት በፊት ሽፍቶች የጭነት መኪናውን አቃጥለውበት፣ ረዳቱን ገድለውበት፣ እርሱ በጫካ ለጫካ አምልጦ በእግሩ የገባ ሰው ነው። ጸሎት አልጎደለበትም፤ ስለት አልጎደለበትም፤ ረዳቱም የእናቱን የአንገት ማተብ እንዳሰረ ነው የተቀበረው። ሾፌሩ እልልታው እስኪበርድ ድረስ ጽዋውን በሁለት እጁ እንደያዘ መሬት መሬት ያይ ነበር።

መሪጌታም ይህን አይተዋል። ነጋዴውን በፍቅር ዐይን ተመለከቱትና፣ «ልጄ፣ ኮንቴይነርህ ደኅና መግባቱ ደግ ነው፤ ስሙ ይመስገን። ለመሆኑ ለማን ገባ?» አሉት። «ለእኔ ነዋ፣ አባቴ» አላቸው፤ ጥያቄው ግራ አጋብቶት ነበር። መሪጌታ ምላሽ አልሰጡም፤ ጽዋውን ባርከው ወደ ሾፌሩ ሄዱና በራሳቸው እጅ አቀበሉት። እኔ ግን ያቺ «ለማን ገባ?» የምትል ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተወችኝም።

በመጻሕፍት ዘንድ በእግዚአብሔር ፊት ሞገስ አገኙ የተባሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ስመረምር፣ ከእነርሱ ለራሱ ብቻ ሞገስ የተሰጠው አንድ ስንኳ አጣሁ። ኖኅ ሞገስ ባገኘ ጊዜ የተሰጠው የዓመታት የእንጨት ሥራና የጎረቤት መሳለቂያነት ነው፤ መርከቡም ለሚስቱ፣ ለልጆቹ፣ ለእንስሳቱ ሆነ። ዮሴፍ በግዞት ቤቱ አለቃ ፊት ሞገስ ሲያገኝ ሰንሰለቱ ወዲያው አልተፈታም፤ ሞገሱ ፍጻሜውን ያገኘው ግብፅና ከነዓን በተራቡ ጊዜ፣ የሸጡት ወንድሞቹ ሳይቀሩ ከእጁ እህል ሲሸምቱ ነው። የሞገስ ሁሉ ራስ በምትሆን በእመቤታችን ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያስፈራል። መልአኩ ጸጋን እንዳገኘች አበሠራት፤ ከብሥራቱ በኋላ የተከተላት ግን የእጮኛ ጥርጣሬ፣ የበረት ወሊድ፣ ሕፃንን ታቅፎ በሌሊት ወደ ግብፅ መሰደድ፣ በመጨረሻም አረጋዊው ስምዖን የነገራት ሰይፍ ነው። ስለዚህ የጽጌን ጾም የምንጾም ሰዎች፣ ስደቷን በማኅሌት እያዜምን የተሰደደውን ሰው ሞገስ የራቀው አድርገን ልናየው እንዴት ይቻለናል? በጁባ የነበርን ስደተኞች ይህን ከማንም ይልቅ ማወቅ ይገባን ነበር።

መሪጌታ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ የፍሬምናጦስን፣ ታሪክ ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ፣ ጀኔሬተሩ እየጮኸ፣ ስንት ጊዜ እንደተረኩልን አላውቅም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉ ሁለት የጢሮስ ብላቴኖች ከመምህራቸው ጋር በቀይ ባሕር ሲጓዙ፣ መርከባቸው ውሃ ልትቀዳ ወደብ በያዘችበት የባሕሩ ዳር ሰዎች መምህሩንና መርከበኞቹን ፈጇቸው፤ ሁለቱ ብላቴኖች ብቻ ተርፈው ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ፤ በፊቱም ሞገስ አግኝተው አንደኛው ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስም የቤተ መንግሥቱ መዝገብ ጠባቂ ሆነ። (የእርሱ ሥራ እንደ እኔ መዝገብ መያዝ መሆኑን በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይሞቅ ነበር።) ንጉሡ ሲሞት ነጻ ቢያወጣቸውም ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ እንዲቆዩላት ስለ ለመነቻቸው ቆዩ፤ ፍሬምናጦስም ባገኘው ባለሟልነት ተጠቅሞ ለንግድ የሚመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለገ የጸሎት ስፍራ ሰጣቸው። ጊዜው ሲደርስ ኤዴስዮስ ወደ ወላጆቹ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ ማንም አይፈርድበትም። ፍሬምናጦስ ግን የሀገሩን መንገድ ትቶ ወደ እስክንድርያ ወረደና ቅዱስ አትናቴዎስን «ለዚያ ሕዝብ ጳጳስ ላክለት» አለው፤ አትናቴዎስም ከአንተ የሚሻል ማን አለ ብሎ እርሱኑ ጵጵስና ሾሞ መለሰው። ወገኖቹ በታረዱበት ምድር፣ ላረዱበት ሕዝብ፣ ብርሃን ገላጭ ሆነ። መሪጌታ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም ይሉና፣ «ጢሮስ ቢገባ ኖሮ እናንተ ዛሬ ይህን ጽዋ አትጠጡም ነበር» ይሉን ነበር።

ፍሬምናጦስን ሳስብ ሌላ ስፍራም ይታወሰኛል፤ ከጁባ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ጥቂት ራቅ ብሎ ጎንዶኮሮ የሚባል ስፍራ አለ። አንድ ቅዳሜ ከአንድ የባሪ ተወላጅ ካቴኪስት ጋር በጀልባ ተሻግሬ አየሁት፤ ለዐይን የሚሞላ ነገር የለበትም፤ ማንጎ፣ ሣር፣ ፍየል የሚጠብቁ ልጆች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1850ዎቹ ግን በኢግናጥዮስ ክኖብሌኸር የሚመሩ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ነበር። አንጄሎ ቪንኮ የተባለው ጣሊያናዊ ካህን የባሪን ቋንቋ ተምሮ ከሕዝቡ ጋር ሲኖር በ1853 ሞተ፤ ከእርሱም በኋላ የመጡት አብዛኞቹ በወባ አለቁ፤ በ1860 አካባቢ ጣቢያው ተዘጋ። ከሦስት ዓመት በኋላ የናይልን ምንጭ ፈልገው የመጡት ስፔክና ግራንት ከሳሙኤል ቤከር ጋር በዚሁ ስፍራ ሲገናኙ፣ ከሚሲዮኑ የቀረው የፈረሰ ጡብ ነበር። ዳንኤል ኮምቦኒም፣ በኋላ ቅዱስ ተብሎ የተሰየመው፣ በ1858 ከዚያ በስተሰሜን ባለው የቅዱስ መስቀል ጣቢያ ደርሶ ባልንጀሮቹን ቀብሮ፣ ራሱም ታሞ ተመለሰ። እነዚህ ሰዎች ወደ ጌታቸው ሲሄዱ በእጃቸው የሚታይ ፍሬ አልነበራቸውም፤ በእኛ የጁባ ሚዛን ቢመዘኑ ሞገስ የጎደላቸው ይባሉ ነበር። ካቴኪስቱ ግን የጡቡ ቦታ የት እንደነበር በጣቱ ካሳየኝ በኋላ፣ በካቶር የቅድስት ቴሬዛ ካቴድራል በእሑድ ቅዳሴ ውጭ ቆሞ የሚያስቀድሰውን ሕዝብ አነሣልኝ። እኔም ያንን ሕዝብ አይቼዋለሁ፤ ሴቶቹ ነጭ ለብሰው፣ ሕፃናቱ በጀርባ ታዝለው፣ ከበሮው ከአጥሩ ውጭ ይሰማል።

ፍሬው ያልቆየ ሌላም ሥራ አለ፤ ስለ ሰላም የተደረገውን ልረሳ አልችልም። በ1964 ዓ.ም. የ17 ዓመቱ የመጀመሪያው የሱዳን የርስ በርስ ጦርነት በአዲስ አበባ ስምምነት ሲያበቃ፣ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አቀራርበው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሸምግለው ነበር። ሰላሙ የቆየው እስከ 1975 ዓ.ም. ብቻ ነው። ሁለተኛው ጦርነት ሲፈነዳ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጋምቤላ ወርደው በኢታንግና በፒኝውዶ ተጠለሉ፤ የብዙዎቹ የዛሬ የጁባ ጎልማሶች ልጅነት በዚያ ስላለፈ በገበያ ውስጥ ሳይታሰብ በአማርኛ «ደኅና ዋልህ?» የሚል የኑዌር ሰው ማግኘት አዲስ ነገር አልነበረም።

የመከራው ቀን የመጣው ከተማይቱ በገንዘብ ከደኸየች በኋላ ነው። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. በጁባ የተነሣው ተኩስ አገሪቱን ለሁለት ከፈላት፤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የፓውንዱን ዋጋ ለገበያ ሲለቀው፣ እስከዚያ ቀን በይፋ በ2.95 ፓውንድ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር ወደ 18.5 ዘለለ። በፓውንድ ያስቀመጠ ሰው ዐይኑ እያየ ባዶ ቀረ። ሦስቱ ኮንቴይነር የገቡለት ወንድማችንም ሱቁን ዘግቶ ወደ ካምፓላ ሄደ፤ እግዚአብሔር በሄደበት ይጠብቀው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። የጽዋ ማኅበራችን ሳሳ። ሾፌሩ መኪና መግዛት ስላልቻለ በሰው የውሃ ቦቴ ተቀጥሮ ይነዳ ነበር።

ዐርብ ሐምሌ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ወደ ማታ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ተኩስ ተከፈተ። በማግሥቱ የነጻነት በዓል አምስተኛ ዓመት ነበር፤ መንግሥት ገንዘብ የለም ብሎ በዓሉን አስቀድሞ ሰርዞት ነበርና ቅዳሜ ዕለት ከተማው ጭር ብሎ ዋለ። በዚያች የጸጥታ ቀን ሾፌሩ ማንንም ሳያማክር ወደ ወንዙ ወርዶ ቦቴውን ሞላና ወደ እማማ ግቢ አስገብቶ አቆመው። «አሠሪህ ቢጠይቅህስ?» ብለው እማማ ቢጠይቁት፣ «ከተረፍን ይቅር ይለኛል» አላቸው። ከዚህ ሌላ አልተናገረም። እሑድና ሰኞ ጦርነቱ በጀበልና በጉደሌ በኩል በከባድ መሣሪያና በሄሊኮፕተር ሲቀጥል፣ ውሃ የሚያመጣ ሌላ ቦቴ በመንገድ ላይ አልታየም።

ሰው በየቤተ ክርስቲያኑና በየተባበሩት መንግሥታት ሰፈር ተጠለለ፤ በጉምቦ የዶን ቦስኮ ግቢ ሳይቀር በሕዝብ ተሞላ። በእማማ ግቢም የባሪ ሴቶች ከነልጆቻቸው፣ አንድ ኡጋንዳዊ ልብስ ሰፊ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ አንድም በኢታንግ ያደገ፣ አማርኛ የሚናገር የኑዌር ሰው ገብተው ነበር። የኑዌር ሰው በዚያን ሳምንት በጁባ ጎዳና መገኘት በዘሩ ብቻ ለሞት መጋለጥ ነበር፤ እማማ ከማድ ቤቱ በስተኋላ፣ ከከሰሉ ጆንያዎች ጀርባ፣ አንጥፈው አስቀመጡት። ጾሙ ጾመ ሐዋርያት ነበር። የቀረችው ጤፍ አንድ ጆንያ የማትሞላ ስለሆነች እማማ ከማሽላ ጋር ደባልቀው አቦኩት፤ በኤሌክትሪክ መጋገር ስለማይታሰብ ትልቁን የሸክላ ምጣድ በከሰል ላይ ጣዱ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ከሰል እጨምር ነበርና እጃቸውን አይ ነበር፦ ጥይቱ ሲጮህ ሊጡን ቡሃቃው ውስጥ ይመልሱታል፤ ጸጥ ሲል ከዳር ጀምረው ወደ መካከል ያዞሩታል፤ ዐይን ሲያወጣ አክንባሎውን ይከድናሉ። ማሽላ የበዛበት እንጀራ ይሰነጣጠቃልና የተሰነጠቀውን ለእኛ፣ ደኅናውን ለልጆቹ እየለዩ ያስቀምጡ ነበር። «ኪስራ ነው» ይሉ ነበር የባሪ ሴቶች እየሳቁ፤ በእርግጥም ከእነርሱ የማሽላ ቂጣ እምብዛም አይለይም ነበር።

ሰኞ ከቀትር በኋላ መሣሪያ የያዙ ሰዎች በሩን ደበደቡ። መሪጌታ ከዘራቸውን ይዘው ከፈቱላቸው። ስልካችንንና ያለንን ገንዘብ ሰበሰቡ፤ ክፍሎቹን አዩ፤ ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ደርሰው ጢሱ ዐይናቸውን ሲያቃጥለው ተመለሱ፤ ሄዱም። ከአጥሩ ማዶ ባለው ግቢ ግን አንድ ወጣት አወጡና ገደሉት። ጩኸቱን ሁላችንም ሰማነው።

ከሄዱ በኋላ አንዱ ከመካከላችን፣ ትንፋሹ ገና ሳይመለስለት፣ «እግዚአብሔር ሞገስ ሰጠን፤ ዐይናቸውን ያዘልን» አለ። እማማ ከምጣዱ ቀና ብለው፣ «ተው ልጄ፤ የዚያች እናት ትሰማሃለች» አሉት። ድምፃቸውን አላነሡም። ቀጥለውም አንድ ትልቅ ሰፌድ እንጀራ ሸፍነው ለሟቹ ቤት እንዲሰጥ በአጥሩ ቀዳዳ አሻገሩ። መሪጌታ ዳዊታቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ማዶው ግቢ አዙረው፣ ስሙን ለማያውቁት ለዚያ ወጣት ሲደግሙለት አመሹ።

ስለዚህች ሰዓት ለብዙ ዓመታት አስቤባታለሁ። ጥይት ያልመታውን ሰው ሞገስ አገኘ ካልን፣ የተመታውን ምን ልንለው ነው? ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተመለሰለት ጸጋው ይበቃሃል የሚል እንጂ መውጊያው ተነቀለልህ የሚል አልነበረም፤ ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ሲገድል ጴጥሮስን መልአክ ከወኅኒ አወጣው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ያዕቆብን ከጴጥሮስ አሳንሳ አላከበረችም። እኔ የምችለው ይህን ያህል መናገር ነው፦ በዚያ ግቢ ውስጥ የእግዚአብሔርን ሞገስ አይቼዋለሁ፤ ያየሁትም ጥይቱ በሳተን ጊዜ ሳይሆን፣ የራሷን ነገ የማታውቅ ሴት አንድ ጆንያ የማትሞላ ዱቄቷን ለማታውቃቸው ሰዎች ስትደባልቅ፣ መኪናው የተቃጠለበት ሰው ስለ ሌላው ጥማት ሲያስብ ነው። እነዚህ ሰዎች ይህን ለማድረግ ጉልበቱን ከወዴት አገኙት ብዬ ብጠይቅ ከጸጋ በቀር ሌላ ምንጭ አላገኝለትም።

ሰኞ ማታ ሁለቱም ወገኖች ተኩስ አቁሙ ብለው አዘዙ። በማግሥቱ ሐምሌ 5፣ የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል፣ የጾሙ ፍቺ ነበር። ሥጋም ቅቤም በሌለበት ግቢ፣ ከባሪ ሴቶች አንዷ ከወንዙ ዳር ዘመዶቿ ዘንድ ሮጣ ደርሳ የደረቀ ዓሣ አመጣችልን፤ በእርሱ ፈታን።

ከዚያ ወዲህ በመስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሌላ የሰላም ውል ተፈረመ። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሮማው ፓፓ ፍራንሲስ ከካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ከጀስቲን ዌልቢና ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አወያይ ከኢያን ግሪንሺልድስ ጋር ወደ ጁባ መጡ፤ በጋራም በጋራንግ መካነ መቃብር ጸለዩ። ከታላላቆቹ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ከሩምቤክ ተነሥተው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጉዘው የገቡት ወጣቶችና አብሯቸው የመጣው ጳጳስ ክርስቲያን ካርላሳሬ ነው። ይህ ሰው የሩምቤክ ጳጳስ ተብሎ በተሾመ ጊዜ፣ ገና ሳይቀባ፣ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. መሣሪያ የያዙ ሰዎች በሌሊት ቤቱ ገብተው ሁለቱንም እግሮቹን በጥይት መቱት። ይቅር ብሎ፣ ድኖ፣ ወደዚያው ሕዝብ ተመለሰ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት 25 ቀን 2022፣ ምዕራባውያን ብሥራተ መልአክን በሚያከብሩበት ዕለት፣ ተቀባ። በዚያ እግር ነው ወደ ጁባ የተራመደው። እርሱም እንደ ፍሬምናጦስ የሀገሩን መንገድ ያውቀዋል፤ አልሄደበትም።

እማማ አሁንም በጁባ እንጀራ ይሸጣሉ። መሪጌታ ወደ ጎጃም ተመልሰዋል። ከከሰሉ ጀርባ የተቀመጠው የኑዌር ሰው ሁከቱ ከበረደ በኋላ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በናስር በኩል ተጉዞ፣ ሕፃን ሳለ ወደ ተጠለለባት ወደ ጋምቤላ ዳግመኛ ገባ፤ ዛሬም በዚያ በመጠለያ ጣቢያ ነው ያለው። እንደ እርሱ ያሉ ደቡብ ሱዳናውያን በሀገራችን ከ400 ሺህ በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹም እንደ ኩሌና ጀዊ ባሉት የጋምቤላ ጣቢያዎች በሸራና በጭቃ ቤት፣ በየጊዜው በሚቀነስ ራሽን ይኖራሉ። እኛ ደግሞ በየአጥቢያችን ለፍልሰታ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ለነዳያን የምናወጣው አለን። የሰበካ ጉባኤ አባላትና የጽዋ ማኅበር ሙሴዎች ሆይ፣ ከዚያ ላይ ለእነርሱም ድርሻ ቁረጡላቸው፤ የሚያደርስ ሰው አይጠፋም።